የንግድ ምልክትን ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ አገራት ማስመዝገብና መጠበቅ

በአዲስ አበባ የተሰጠ የንግድ ምልክት የምስክር ወረቀት ጉልበቱ እስከ አገሪቱ ድንበር ድረስ ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የተመዘገበ ምልክት በኢትዮጵያ ውስጥ ለሰባት ዓመት ይጠበቃል፣ በየሰባት ዓመቱም ይታደሳል፤ ያው ስም የታተመበት ከረጢት ዱባይ ወይም ሃምቡርግ ወደብ ላይ ሲራገፍ ግን የስሙን ባለቤት የሚወስነው የዚያ አገር መዝገብ ነው። በብዙ አገሮች መዝገቡ የሚከፈተው ቀድሞ ለመጣ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል፦ ምልክቱ ከዕቃው ቀድሞ ይድረስ። ናሙና ከመላኩ፣ ኤግዚቢሽን ላይ ከመቆሙ፣ ከአከፋፋይ ጋር ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ማመልከቻው በራስ ስም ገብቶ ይገኝ።

በቅድሚያ አንድ ብዥታ መጥራት አለበት። በመሐል ከተማ ያሉ ብዙ ነጋዴዎች የንግድ ስማቸው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ስለተመዘገበ ምልክታቸውም የተመዘገበ ይመስላቸዋል። የንግድ ስም ድርጅቱ በንግድ መዝገብና በፈቃዱ ላይ የሚጠራበት ስም ሲሆን፣ የንግድ ምልክት ደግሞ ገዢው በዕቃው ላይ አይቶ ከሌላው ዕቃ የሚለይበት ነው። ሁለቱ አንድ ቃል ሊሆኑ ይችላሉ፤ መብቶቹ ግን ሁለት ናቸው፣ የሚመዘገቡትም በተለያየ ቦታ ነው። የንግድ ፈቃድ ኮፒ ይዞ ውጭ አገር በሚነሣ የምልክት ክርክር ላይ የቀረበ ሰው ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን የቀረበ ያህል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ምልክቱን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያስመዝግቡ፤ የውጭው ጉዞ የሚነሣው ከዚያ ነው።

ከማመልከቻው በፊት የሚወሰኑ ሦስት ነገሮች

ስሙ፣ ባለቤቱና የዕቃው ዝርዝር ናቸው። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚፈጀውና ብዙ ሰው በችኮላ የሚያልፈው ስሙ ነው፤ ምክንያቱም ስማችን የተጻፈው በፊደላችን ነው።

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በሚገኘው ቢሮዬ አንዲት የበርበሬና የሽሮ አምራች እናት መጥተው ያመጧቸውን ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደሩልኝ። አንድ ከረጢት፣ አንድ የካርቶን ማሸጊያ፣ አንድ ደረሰኝና ከውጭ ገዢ ጋር የተጻጻፉበት ደብዳቤ ነበሩ። የምልክታቸውን ስም ለዚህ ጽሑፍ ቀይሬ «እንጎቻ» ልበለው። በከረጢቱ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈው ስም በ«አይ» ይጀምራል፤ በካርቶኑ ላይ በ«ኢ» ይጀምራል። በደረሰኙ ላይ «ቻ» የሚለው ድምፅ በ«ሲ» እና በ«ኤች» ሲጻፍ፣ በደብዳቤው ላይ ከፊታቸው «ቲ» ተጨምሮበታል። እኔ ልዩነቱን በጣቴ እያሳየሁ ሳስረዳቸው፣ «ልጄ፣ ስሙ እኮ ያው ነው፤ ሲጠሩት አንድ ነው» አሉኝ። ሲጠሩት አንድ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ለውጭ አገር መርማሪ አራቱ አራት ጽሑፎች ናቸው፤ ስሙ በአንደኛው አጻጻፍ ተመዝግቦ ዕቃው ግን በሌላኛው ሲሸጥ ከኖረ፣ አንድ ቀን «ይህን ምልክት በእርግጥ ተጠቅማችሁበታል ወይ?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ ማስረጃው ከምዝገባው ጋር አይገጥምም። በዚያ ቀን ያደረግነው አንዱን አጻጻፍ መርጠን፣ ሌሎቹ ማሸጊያዎች ሲያልቁ እንዳይታተሙ ለማተሚያ ቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅ ነበር። ማመልከቻው የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ አንድ የላቲን አጻጻፍ ይምረጡና በደረሰኝ፣ በማሸጊያ፣ በድረ ገጽና በጉምሩክ ሰነድ ላይ ያለ ለውጥ ይጠቀሙበት። ሁለተኛ፣ የላቲኑን ቃል ያለ ጌጥና ያለ ቀለም ለብቻው፣ በፊደላችን የተጻፈውንና ሥዕል ያለበትን አርማ ደግሞ ለብቻው ለማስመዝገብ ያስቡ። ፊደላችንን የማያነብ ሰው «እንጎቻ» የሚለውን ጽሑፍ የሚያየው እንደ ሥዕል ነው፤ አንድ ተፎካካሪ ተመሳሳይ ድምፅ ያለውን ስም በላቲን ቢጽፍ፣ በፊደላችን ብቻ የተመዘገበው አርማ ደካማ ጋሻ ይሆናል። በዓለም አቀፉ ማመልከቻም ከላቲን ውጭ በሆነ ፊደል የተጻፈ ምልክት የላቲን አጻጻፉ ተያይዞ መቅረቡ ግዴታ ነው። ቻይና ወይም ዓረብ አገር የሚሸጥ ከሆነ፣ ገበያው ለስሙ በራሱ ፊደል አጠራር ማውጣቱ ስለማይቀር፣ ያንን አጠራር ሌላ ሰው ሳይቀድም መርጦ ማስመዝገብ ይበጃል።

የስሙ ትርጉምም ይመረመራል። በአሜሪካ የባዕድ ቋንቋ ቃል ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ስለሚታይ፣ ለቡና ዕቃ «ቡና» የሚል ምልክት ማቅረብ «ኮፊ» ብሎ እንደ ማቅረብ ይቆጠራል፤ የዕቃውን ስም ለራስ ብቻ ማድረግ ደግሞ አይቻልም። የቦታ ስም ከዚህ ይበልጥ ያከራክራል። ኢትዮጵያ ይርጋ ጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ እንዲመዘገቡላት እ.ኤ.አ. በ2005 ስታመለክት፣ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ አነሣ፤ በሲዳሞና በሐረር ላይም ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ናቸው በሚል መከራከሪያ መጀመሪያ ላይ እምቢታ ገጠማት። መንግሥት ክርክሩን ገፍቶበት እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስሞቹን በፈቃድ ስለመጠቀም ስምምነት ላይ ደረሰ። ይህን የማነሣው የመንግሥት አቅም ያለው አመልካች እንኳ በቦታ ስም ምን ያህል እንደተፈተነ ለማሳየት ነው። አንድ ቡና ቆይ ወይም ማር አሻጊ ከመንደሩ ስም ይልቅ ፈጠራ የሆነ ወይም ከዕቃው ጋር የማይገናኝ ቃል ቢመርጥ ገንዘቡንም ጊዜውንም ያተርፋል።

ስሙ ከተመረጠ በኋላ ፍለጋ ይደረጋል። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ማለትም ዋይፖ ግሎባል ብራንድ ዳታቤዝ የሚባለውን መዝገብ በነፃ ክፍት አድርጎታል፤ አውሮፓውያኑ ቲኤምቪው የሚባል አላቸው። ፍለጋውን ባለው አጻጻፍ ብቻ አይገቱት፤ ከላይ እንዳየነው በ«አይ»ም በ«ኢ»ም፣ በአንድ ፊደልም በሁለትም እየቀያየሩ ይፈልጉ።

ሁለተኛው ውሳኔ ባለቤቱ ነው። አባት በግል ስማቸው ያስመዘገቡትን ምልክት ልጆች ባቋቋሙት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስም ወደ ውጭ ሲልኩበት አዘውትሬ አያለሁ። ሁሉም ተስማምቶ ሲኖር ችግሩ አይታይም፤ ውርስ፣ ፍቺ ወይም የባንክ ብድር ሲመጣ ግን ምልክቱ በማን እጅ እንዳለ መጠየቁ አይቀርም። ዕቃውን የሚልከው ድርጅት ባለቤት ይሁን፣ ወይም በአባትየውና በድርጅቱ መካከል በጽሑፍ የሆነ የመጠቀም ፈቃድ ይኑር። የባለቤቱ ስም በፓስፖርት ወይም በንግድ ምዝገባ ላይ ካለው የላቲን አጻጻፍ ጋር በአንዲት ፊደል እንኳ አይለያይ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የውጭ አከፋፋይ «እኔ በስሜ ላስመዝግብልህ፣ ወጪውን እችላለሁ» ቢል ቅን ሰው ቢሆን እንኳ አይፍቀዱ። አከፋፋዩን የለወጡ ዕለት ስሙ ከእሱ ጋር ይቀራል፣ ለማስመለስ የሚደረገው ክርክርም ከምዝገባው ወጪ ብዙ እጥፍ ያስወጣል።

ሦስተኛው የዕቃው ዝርዝር ነው። ኒስ በሚባለው ምደባ መሠረት ዕቃና አገልግሎት በ45 ምድቦች ተከፍሏል፤ 34ቱ የዕቃ፣ 11ዱ የአገልግሎት ናቸው። ቡና፣ ማር፣ ቅመማ ቅመም፣ ዱቄትና እንጀራ በምድብ 30 ይገባሉ። ያልተፈጨ የጤፍ እህል ግን ምድብ 31 ነው፤ ስለዚህ እህሉንም ዱቄቱንም የሚልክ ሰው በሁለት ምድብ ማመልከት ይኖርበታል። ጠጅ ምድብ 33፣ ቢራ ምድብ 32፣ የቆዳ ቦርሳ ምድብ 18፣ ነጠላና ቀሚስ ምድብ 25፣ ምግብ ቤት ምድብ 43 ናቸው። ዛሬ የሚሸጡትንና በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት በእርግጥ የሚሸጡትን ይዘርዝሩ፤ ካመለከቱ በኋላ ዝርዝሩን ማጥበብ ይቻላል፣ ማስፋት ግን አይቻልም።

መንገዶቹ

ለመላው ዓለም የሚያገለግል አንድ የንግድ ምልክት የለም። ያለው በአንድ ማመልከቻ ብዙ አገሮችን የሚያነጋግር የማድሪድ ሥርዓት፣ በአንድ ቢሮ ብዙ አገሮችን የሚሸፍን ክልላዊ ምዝገባ፣ እና በየአገሩ በቀጥታ ማመልከት ነው።

የማድሪድን ሥርዓት የሚያስተዳድረው ጄኔቭ ያለው ዋይፖ ሲሆን፣ ከ110 በላይ አባላት አሉት። በዚህ በር ለመግባት አመልካቹ በአንድ አባል አገር ዜግነት፣ መኖሪያ ወይም በእውነት የሚሠራ የንግድ ተቋም ሊኖረው፣ በዚያ አገር ቢሮም መሠረት የሚሆን ማመልከቻ ወይም ምዝገባ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ በመጀመሪያ ከባለሥልጣኑ የሚጠይቀው፣ በሚያመለክትበት ቀን የኢትዮጵያ አባልነት በሥራ ላይ መዋሉን ነው። አንድ አገር ስምምነቱን በምክር ቤቱ ማጽደቁ ብቻ አይበቃም፤ የመቀላቀያ ሰነዱ ጄኔቭ ገብቶ፣ ለአባላቱ ተነግሮ፣ ሦስት ወር ሲሞላው ነው ሥራ ላይ የሚውለው። የዋይፖ የአባላት ዝርዝር ቀኑን በግልጽ ያሳያል። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ አባል ስለሆኑ፣ ናይሮቢ ወይም ዱባይ በእውነት የሚሠራ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት እዚያ ያለውን ምዝገባ መሠረት አድርጎ መነሣት ይችላል። የፖስታ ሣጥን ብቻ ያለው ቅርንጫፍ ግን የሚያዋጣ መሠረት አይሆንም።

የማድሪድ ማመልከቻ ኤምኤም 2 በሚባል ቅጽ፣ መሠረት የሆነው ማመልከቻ ወይም ምዝገባ ባለበት አገር ቢሮ በኩል ይቀርባል። መሠረታዊ ክፍያው ምልክቱ ጥቁርና ነጭ ከሆነ 653፣ ባለ ቀለም ከሆነ 903 የስዊስ ፍራንክ ነው። የማመልከቻው መነሻ አገር በማደግ ላይ ካሉት አገሮች እጅግ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ወገን ከሆነ ይህ ክፍያ ወደ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም ወደ 65 ወይም 90 ፍራንክ ይወርዳል። በዚህ ላይ የየአገሩ ክፍያ ይደመራል፤ አንዳንዱ አገር 100 ፍራንክ ሲሆን፣ ሌላው የራሱን ዋጋ ያወጣል። ዋይፖ ድረ ገጹ ላይ ያስቀመጠው የክፍያ ማስያ ድምሩን ከማመልከትዎ በፊት ያሳያል። ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር ድምሩን በፍራንክ ይያዙ፤ ባንኩ የውጭ ምንዛሪውን አዘጋጅቶ እስኪልክ የሚፈጀውንም ጊዜ በዕቅድዎ ውስጥ ያስገቡ።

እያንዳንዱ የተመረጠ አገር በራሱ ሕግ ለመመርመር 12 ወይም 18 ወር አለው፤ በዚያ ጊዜ እምቢታ ካላስታወቀ ጥበቃው ይጸናል። አንድ አደጋ ግን አለ። ዓለም አቀፉ ምዝገባ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በመሠረቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ መሠረቱ ከወደቀ በተመረጡት አገሮች ሁሉ አብሮ ይወድቃል። ያን ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ በየአገሩ ወደ ብሔራዊ ማመልከቻ መለወጥ ይፈቀዳል፤ ወጪው ግን እንደ አዲስ ነው። መሠረታዊው ምዝገባ ጠንካራ እስኪሆን አለመቸኮል የሚሻለው ለዚህ ነው።

ክልላዊውን በአጭሩ ላውሳ። የአውሮፓ ኅብረት ቢሮ አሊካንቴ ስፔን ሲሆን፣ በ27ቱ አገሮች የሚሠራ ምልክት በኢንተርኔት ሲጠየቅ ለመጀመሪያ ምድብ 850፣ ለሁለተኛው 50፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ለእያንዳንዱ 150 ዩሮ ያስከፍላል። ለብዙ ላኪዎቻችን ከሁሉ የሚያዋጣው ይህ ይመስለኛል። በአፍሪካ 17 አገሮችን የያዘውና ካሜሩን ያውንዴ ያለው ኦኤፒአይ የሚባለው የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት በአንድ ምዝገባ ሁሉንም ይሸፍናል።

በቀጥታ ማመልከት ደግሞ ገበያው አንድ ወይም ሁለት አገር ብቻ ሲሆን፣ ወይም እንደ ደቡብ አፍሪካ የማድሪድ አባል ያልሆነ አገር ሲመረጥ ይበጃል። በየአገሩ ወኪል ያስፈልጋል፤ አሜሪካ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2019 ጀምሮ የውጭ አመልካች በአገሪቱ ፈቃድ ባለው ጠበቃ እንዲወከል ታስገድዳለች። ብዙ የዓረብ አገሮች የውክልና ሥልጣኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቃሉ። ቅደም ተከተሉም ይህ ነው፦ ሰነዱ በተለምዶ ውልና ማስረጃ በምንለው ቢሮ ይረጋገጣል፣ ቀጥሎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻ በመድረሻው አገር ኤምባሲ ማኅተም ይደረግበታል። በአንድ ዙር እንዲያልቅ ሦስቱንም ጉዞ ለአንድ ሰው ይስጡ፤ ከመነሣቱ በፊትም በውክልናው ላይ ያለው የሰውና የድርጅት ስም ከፓስፖርቱና ከንግድ ምዝገባው ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ። በስም ስሕተት የተነሣ ከኤምባሲ በር ተመልሶ ሁሉን እንደ አዲስ የጀመረ ደንበኛ አውቃለሁ፤ ሁለት ሳምንት ጠፍቶበታል።

ከተመዘገበ በኋላ

የማድሪድ ምዝገባ አሥር ዓመት ይቆያል፣ በየአሥር ዓመቱም ይታደሳል፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ በጭማሪ ክፍያ የስድስት ወር ዕፎይታ አለ። የአገር ቤቱ ግን ሰባት ዓመት ስለሆነ ሁለቱ እድሳት አይገጥሙም። መዝገብዎ ላይ እያንዳንዱን ምዝገባ ከነአገሩ፣ ከነምድቡና ከነቀኑ ለየብቻው ይጻፉ።

ቀኑን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጽፉ በጣም ይጠንቀቁ። የኢንዱስትሪ ንብረት ጥበቃ ውል በሆነው በፓሪስ ስምምነት አባል አገር የመጀመሪያ ማመልከቻ ያስገባ ሰው በሌላ አባል አገር በስድስት ወር ውስጥ ቢያመለክት የመጀመሪያው ቀን ይያዝለታል። ናይሮቢ ባለው ቅርንጫፉ በኩል ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ያመለከተ ድርጅት በእኛ ወር ቢቆጥር ቀነ ገደቡ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ይመስለዋል። ሰኔ 20 ግን እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2024 ነው፤ ስድስት ወሩ የሚሞላው ዲሴምበር 27 ቀን፣ ማለትም ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ ቀን ነው። በመካከል ጳጉሜ አለች፣ የእነሱም ወሮች ርዝመት ከእኛ ይለያል። በታኅሣሥ 20 የተማመነ ሰው ቀኑ እሑድ ስለሆነ ሰኞ ቢሄድ፣ መብቱ ካለቀ ሦስተኛ ቀኑ ይሆናል። ስለዚህ የውጭ ቀነ ገደብ ሁሉ በመጀመሪያ በጎርጎርዮሳዊው ይቆጠር፣ ወደ እኛ የሚመለሰው ከተቆጠረ በኋላ ነው፤ ማስታወሻውም ከሦስት ወር፣ ከአንድ ወርና ከአንድ ሳምንት በፊት ቢደወል ይመረጣል።

ምልክቱን መጠቀምም ግዴታ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ለተከታታይ አምስት ዓመት፣ በቻይና ለሦስት ዓመት ያልሠራ ምልክት በሌላ ሰው ጥያቄ ሊሰረዝ ይችላል። አሜሪካ ደግሞ ሳይጠየቁ በአምስተኛውና በስድስተኛው ዓመት መካከል ምልክቱ በንግድ ላይ መዋሉን በመሐላ እንዲያስታውቁ ትጠይቃለች፤ ይህ በማድሪድ በኩል የገቡትንም ይመለከታል፣ የማድሪድን እድሳት መክፈልም እሱን አይተካም። ለዚህ በየዓመቱ አንድ አቃፊ ያዘጋጁና በየአገሩ የተላከባቸውን ደረሰኞች፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ ቀን ያለበት የማሸጊያ ፎቶግራፍና የመደብር መደርደሪያ ፎቶግራፍ ያስቀምጡ። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ዓይነት ብቻ ሳይሆን ምልክቱ ራሱ ይጻፍ፤ «በርበሬ 500 ኪሎ» የሚል ደረሰኝ ስለ በርበሬው እንጂ ስለ ምልክቱ ምንም አይመሰክርም።

ድርጅቱ ስሙን ወይም አድራሻውን ሲቀይር ለውጡን ያስመዝግቡ፤ በማድሪድ ለሁሉም አገሮች በአንድ ጊዜ በኤምኤም 9 ይሆናል፤ ባለቤትነት ሲተላለፍ ቅጹ ኤምኤም 5 ነው፣ አዲስ አገር ሲጨመር ኤምኤም 4። በመሐል ከተማ መልሶ ልማት ምክንያት ብዙ ድርጅቶች ከካዛንቺስና ከፒያሳ ቢሮ ቀይረዋል። የአድራሻ ለውጥ ቀላል ነገር መስሎ ቢታይም፣ የውጭ ቢሮው የእምቢታ ወይም የተቃውሞ ማስታወቂያ ወደ ድሮው አድራሻ ወይም ወደማይከፈት ኢሜይል ከተላከ ቀነ ገደቡ መሮጡን አያቆምም።

በክብ ውስጥ ያለችውን የ«አር» ምልክት ገና ባልተመዘገበበት አገር በሚሸጥ ማሸጊያ ላይ አያትሙ፤ እንግሊዝን በመሰሉ አገሮች ያልተመዘገበን እንደተመዘገበ ማስመሰል ወንጀል ነው። ለብዙ አገር አንድ ማሸጊያ ካሳተሙ ከነአካቴው መተው ይሻላል።

በመጨረሻ፣ ምዝገባው ታትሞ ከወጣ በኋላ በኢሜይልም በፖስታም ኦፊሴላዊ የሚመስሉ የክፍያ ደብዳቤዎች መምጣታቸው የተለመደ ነው። ማኅተምና የምዝገባ ቁጥርዎ ስላለባቸው ብዙ ሰው ይከፍላል፤ የሚከፈለው ግን ምንም ሕጋዊ ውጤት ለሌለው የግል ዝርዝር ነው። ዋይፖ ራሱ ስለነዚህ ደብዳቤዎች በድረ ገጹ ላይ ማስጠንቀቂያና የናሙናዎች ስብስብ አስቀምጧል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርስዎ ገንዘቡን ከመላክዎ በፊት ማድሪድ ሞኒተር በሚባለው ነፃ መዝገብ የምዝገባ ቁጥርዎን አስገብተው የእድሳት ቀንዎን ይዩ፤ ሒሳብ የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛም ከወኪልዎ ፊርማ ያለበት ማረጋገጫ ሳያይ ለማንም እንዳይከፍል በጽሑፍ ይዘዙት።